የፈረንሳይ ተራሮችን በብስክሌት፦ በአማካይ ቁጥር ለተጻፈው መመሪያ ምላሽ

ፈረንሳይ ሄደው ቱር ደ ፍራንስ የሚያልፍባቸውን ዳገቶች ራሳቸው ለመውጣት ለሚያስቡ የተጻፈ አንድ የአማርኛ መመሪያ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። ዕቅዱ «በሰባት ቀን ሰባት ተራራ» ነው። የአልፕስን፣ የፒሬኔንና የፕሮቫንስን ስመ ጥር ዳገቶች ሰብስቦ የእያንዳንዱን ርዝመትና አማካይ ዳገት በሠንጠረዥ ካስቀመጠ በኋላ «ቁጥሩን እያዩ ከቀላሉ ይጀምሩ» ይላል። በአማርኛ ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈ ብዙ ስለሌለ መውጣቱ ደግ ነው፤ ስለ ገጠር መንገዶቹ ውበት የተባለውም ልክ ነው። ምክሩ ግን ልክ አይደለም። እንዳለ የተከተለው ሰው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ብስክሌቱን እየገፋ ይወጣል፤ ሲብስም ቁልቁለት ላይ ይወድቃል። ነጥቦቹን እያነሳን እንመልሳለን። ዓመተ ምሕረቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቱም እንደ ፈረንሳይ ሰዓት ነው።

«ጋሊቢዬ በአማካይ 5.5 በመቶ ነው፤ 8.1 በመቶ ከሆነው ከአልፕ ድዌዝ ስለሚቀል በእሱ ይጀመር»

ዋናው ስህተት ይህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው። 5.5 የሚለው ቁጥር ፈጠራ አይደለም፤ የሚያሳስተው የተሰላበት መንገድ ነው። ከሳን ሚሼል ደ ሞሪየን (710 ሜትር ገደማ) እስከ ጋሊቢዬ ጫፍ (2,642 ሜትር) መንገዱ 35 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የከፍታውን ልዩነት ለርቀቱ ካካፈሉት 5.5 በመቶ ይመጣል። መሃል ላይ ግን ሌላ «ኮል» አለ፤ ኮል ማለት ጣርማ በር ስንል «በር» የምንለው ነው። ስሙ ቴሌግራፍ፣ ከፍታው 1,566 ሜትር ነው። መጀመሪያ 11.8 ኪሎ ሜትር በ7.1 በመቶ ይወጣል። ከዚያ ወደ ቫሎዋር 5 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል፤ በላብ ከተገኘው ከፍታ ከ160 ሜትር በላይ እዚያው ይጠፋል። ከቫሎዋር እንደገና 18 ኪሎ ሜትር ገደማ በ6.9 በመቶ ይወጣል። ቁልቁለቱ ከስሌቱ ገብቶ አማካዩን ዝቅ አደረገው እንጂ፣ እግር የሚወጣው 2,100 ሜትር ገደማ ነው። አልፕ ድዌዝ 13.8 ኪሎ ሜትር ሆኖ የሚወጣው 1,100 ሜትር ገደማ ነው። «ቀላሉ» የተባለው እጥፍ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው።

ያ ብቻ አይደለም። ከቫሎዋር በኋላ መንገዱ ሸለቆውን ተከትሎ ፕላን ላሻ እስከሚባለው ቦታ ድረስ እየቀለለም እየከበደም ይሄዳል። ጀማሪ የሚታለለው እዚህ ነው፤ «6.9 በመቶ ይህ ከሆነ ምን አለው» ብሎ ፍጥነት ይጨምራል። ፕላን ላሻ ላይ መንገዱ ወንዙን በድልድይ ተሻግሮ ወደ ቀኝ ይታጠፍና ኩርባ በኩርባ መውጣት ይጀምራል። ከዚያ እስከ ጫፍ ባለው 8 ኪሎ ሜትር ዳገቱ በአማካይ ከ8 በመቶ ይበልጣል፤ ጥላ የለም፤ ከፍታውም 2,000 ሜትርን ያልፋል። መጨረሻው አካባቢ፣ 2,556 ሜትር ላይ፣ የዋሻ መግቢያ አለ። መኪና በዋሻው ያልፋል፤ ብስክሌት ግን ክልክል ስለሆነ የቀረውን 1 ኪሎ ሜትር በላይኛው መንገድ በ9 በመቶ ገደማ መውጣት ግድ ነው። ሠንጠረዡ ከእነዚህ አንዱንም አያሳይም።

ተመሳሳይ ስህተት ክሯ ደ ፌር በተባለው የአልፕስ በር ላይም አለ። ከአልፕ ድዌዝ ግርጌ ካለችው ከለ ቡር ድዋዛን ከተማ በኩል ሲወጣ አማካዩ 5 በመቶ አካባቢ ነው፤ መንገዱ ግን መሃል ላይ ስለሚወርድ የጠፋው ከፍታ የሚመለሰው ከ10 በመቶ በሚበልጡ አጫጭር ዳገቶች ነው። አልፕ ድዌዝ በተቃራኒው ሐቀኛ ዳገት ነው። 21 ኩርባዎቹ ከታች ወደ ላይ ከ21 እስከ 1 ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ስንት እንደቀረ ሁልጊዜ ይታወቃል። የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ 2 ኪሎ ሜትሮች ናቸው፤ 10 በመቶ ገደማ። እዚያ ትንፋሹን ያልጨረሰ ሰው ኩርባዎቹ ላይ መንገዱ ለጥ ስለሚል እያረፈ ይወጣል።

እና በምን እንመራ? ብዙዎቹ ታዋቂ ዳገቶች ዳር ለብስክሌተኛ የቆሙ የኪሎ ሜትር ምልክቶች አሏቸው፤ ያሉበትን ከፍታ፣ እስከ ጫፍ የቀረውን ርቀትና የሚቀጥለውን አንድ ኪሎ ሜትር አማካይ ዳገት ይናገራሉ። ዕቅድ ሲወጣም በዚሁ መልክ፣ ኪሎ ሜትር በኪሎ ሜትር፣ መሆን አለበት። የአንድ ኪሎ ሜትር አማካይ ብዙ አይደብቅም።

«ሞን ቫንቱ በሦስት በኩል ይወጣል፤ ርቀታቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ልዩነት የላቸውም»

መነሻዎቹ በተራራው ዙሪያ ያሉ ሦስት ከተሞች ናቸው፦ ከቤዱዋን 21 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ፣ ከማሎሴን 21፣ ከሶ 26 ይጠጋል። በርቀት ብቻ ካየነው ሶ ረጅሙ ነው፤ በሥራው ግን ቀላሉ ነው። የሶ ከተማ ራሷ 765 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች እስከ 1,910 ሜትሩ ጫፍ የሚቀረው 1,150 ሜትር ያህል ነው። ከቤዱዋን ግን 1,600 ሜትር ነው። የ450 ሜትር ልዩነት ለመካከለኛ ብስክሌተኛ ከግማሽ ሰዓት በላይ ማለት ነው።

ቤዱዋንም ቢሆን አንድ ዓይነት ዳገት አይደለም። የመጀመሪያው 6 ኪሎ ሜትር ገደማ በወይን ማሳ መካከል ለስለስ ብሎ ይሄዳል። ሳን ኤስቴቭ የምትባለው ኩርባ ላይ ወደ ግራ ሲታጠፍ ጫካው ይጀምርና 9 ኪሎ ሜትር ያህል ከ9 በመቶ የማይርቅ ዳገት ይመጣል። ማረፊያ የሚሆን ኩርባ እንኳ የለውም ማለት ይቻላል። ቫንቱ የሚጥለው እዚህ ጫካ ውስጥ ነው፤ ፎቶ ላይ የሚታየው ነጩ የድንጋይ በረሃ ግን ከዚያ በኋላ፣ ከሻሌ ሬናር (1,417 ሜትር) በላይ ያለው የመጨረሻው 6 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ዋናው ጠላት ንፋስ ነው። በ2016 በንፋሱ ምክንያት የቱር ደ ፍራንስ አዘጋጆች መድረሻውን ከጫፉ አውርደው ሻሌ ሬናር ላይ አድርገውታል። ሙያተኞቹን ያስቆመ ንፋስ እኛንም ያስቆማል። ሻሌ ሬናር ሲደርሱ ብስክሌቱ ወደ ጎን የሚገፋ ከሆነ ከዚያው መመለስ ነው።

መመሪያው «እይታው እንዲጠራ እኩለ ቀን ላይ ይድረሱ» ማለቱ ደግሞ ለጁላይ ወር አደገኛ ነው። ጫካው ንፋስ ስለማይገባው ሙቀቱን ያፍናል። እንግሊዛዊው ተወዳዳሪ ቶም ሲምፕሰን ጁላይ 13 ቀን 1967 በዚህ ተራራ ላይ ሲሞት ከወሰደው አነቃቂ መድኃኒት ባሻገር የቀኑ ግለት አንዱ ምክንያት ነበር፤ መታሰቢያው ከጫፉ 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ቆሟል። በበጋ ከታች 7:00 ላይ መነሳት፣ ከ10:00 በፊት ጫፍ መድረስ ይሻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሰው በሶ በኩል ይውጣ፤ ጊዜ ካለው በማግስቱ የኔስክን ገደል መንገድ ይጨምርበት። ከቪል ሱር ኦዞን እስከ ሶ ያለው ይህ መንገድ በዝግታ የሚወጣ፣ መኪና የማይበዛበትና ከቫንቱ ራሱ የሚያምር ነው። መመሪያው አለማንሳቱ ይገርማል።

«39 በ25 ማርሽ ይበቃል፤ ፋውስቶ ኮፒ ከዚያ በከበደ ወጥቷል»

ጣሊያናዊው ተወዳዳሪ ኮፒ በ1952፣ ቱር ደ ፍራንስ አልፕ ድዌዝን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ፣ አሸንፏል። እኛ ኮፒ አይደለንም። ሂሳቡ ይኸውና፦ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከብስክሌት፣ ከውሃና ከልብስ ጋር 80 ኪሎ ይሆናል። በ8 በመቶ ዳገት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 190 ዋት ያህል ያስፈልገዋል። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ከሆነ 150 ዋት ገደማ ይበቃዋል። ጤነኛና በሳምንት ሦስት ቀን የሚነዳ ሰው ለሁለት ሰዓት ያለማቋረጥ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ በእነዚህ በሁለቱ መሃል ነው።

አሁን ማርሹን እንየው። የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ነው። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ከፊት 34፣ ከኋላ 34 ጥርስ ያለው ሰው ፔዳሉን በደቂቃ 63 ጊዜ ያዞራል። ከፊት 39፣ ከኋላ 25 ያለው ግን 41 ጊዜ ብቻ ነው የሚያዞረው። ጉልበቱ ያው ነው፤ ነገር ግን በ41 ዙር እያንዳንዱ ርግጫ ከግማሽ በላይ ይከብዳል። ይህ ለአምስት ደቂቃ ሊቻል ይችላል። ለሁለት ሰዓት ሲሆን ጉልበትና ወገብ ያማል፤ ጡንቻው ውስጥ ያለው ስኳርም ቶሎ ያልቃል። ከፊት 50/34፣ ከኋላ 11–34 ለዚህ አገር ተገቢው ማርሽ ነው። በአሥር ዳገት ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ባይነካ 34ቱ መኖሩ አይጎዳም።

ስንቀይር የሚበላሽ ነገር አለ። 11–28 የነበረውን የኋላ ጥርስ በ11–34 ስንተካ የማርሽ መቀየሪያው 34ን የሚችል፣ ክንዱ ረዘም ያለ መሆን አለበት። ካቴናውም ያጥራል። ያጠረ ካቴና ትልቁ የፊት ጥርስ ከትልቁ የኋላ ጥርስ ጋር ሲገናኝ ተወጥሮ መቀየሪያውን ነቅሎ ይጥላል። ይህ ደግሞ ሁልጊዜ የሚሆነው ዳገት ሊጀመር ሲል፣ በስህተት ሲቀየር ነው። ብስክሌቱ ቆሞ እያለ ፔዳሉን በእጅ እያዞሩ ቀስ ብሎ ወደ ትልቁ–ትልቁ መቀየርና የመቀየሪያው ክንድ ጨርሶ እንዳልተዘረጋ ማየት ነው። ከተወጠረ ካቴናውን መቀየር እንጂ «እዚያ ማርሽ አልገባም» ብሎ ለራስ ቃል መግባት አያዋጣም፤ የደከመ ሰው ይገባል።

«ግንቦት ከሁሉ ይሻላል፤ ቀዝቃዛ ነው፤ መንገዱም ባዶ ነው»

ባዶ የሆነው ስለተዘጋ ነው! ጋሊቢዬ፣ ኢዘራን (2,764 ሜትር) እና ቦኔት በረዶው ተጠርጎ የሚከፈቱት ብዙውን ጊዜ በሜይ መጨረሻና በጁን ውስጥ ነው። በጁላይም ዋስትና የለም። በ1996 ቱር ደ ፍራንስ ራሱ ጁላይ 8 ቀን በበረዶና በንፋስ ምክንያት ኢዘራንንና ጋሊቢዬን ሰርዞ የዕለቱን ጉዞ 46 ኪሎ ሜትር ብቻ አድርጎታል። በ2019 ደግሞ ጁላይ 26 ቀን የበረዶ ድንጋይ ወርዶ፣ ናዳ መንገዱን ዘግቶ፣ ውድድሩ ከኢዘራን ቁልቁለት ላይ ተቋርጧል፤ ሰዓቱ የተያዘው ጫፉ ላይ ነበር።

ከዳገቱ ግርጌ በሩ ክፍት መሆኑን የሚናገር ሰሌዳ አለ። «ኡቬር» ክፍት፣ «ፌርሜ» ዝግ ማለት ነው። በሜይ መሄድ የግድ ከሆነ አልፕ ድዌዝ የበረዶ ሸርተቴ ከተማ ስለሆነች መንገዷ ዓመቱን ሙሉ ይጠረጋል፤ ሎታሬ የተባለው በርም (2,058 ሜትር) አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ነው። ከሳን ዣን ደ ሞሪየን ወጣ ብሎ ያለው የሞንቬርኒዬ ኩርባም አለ፤ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል በማይሞላ መንገድ ከ15 በላይ እጥፋት የተደረደረበት ነው።

«ቁልቁለት ላይ የኋላ ፍሬን በቀስታ እንደተያዘ ይውረድ»

ይህን ምክር ያነበበ ሰው እንዲረሳው እንለምናለን። ከአልፕ ድዌዝ ሲወረድ 80 ኪሎ ክብደት 1,100 ሜትር ይወርዳል። ይህ ጉልበት ሙሉ በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ ያፈላል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ፍሬን እንደተያዘ ሲወረድ አየሩ የሚቀበለው ጥቂት ስለሆነ ሙቀቱ ሁሉ በአንድ ቸርኬ ላይ ይከማቻል። የቸርኬ ፍሬን ከሆነ ቸርኬው ግሎ ካላማዳሪያው ሊፈነዳ ይችላል፤ የካርቦን ቸርኬ ደግሞ ሊላላ ይችላል። የዲስክ ፍሬን ከሆነ የፍሬን ሸራው ይቃጠልና መያዝ ያቆማል።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው፦ ቀጥ ባለው መንገድ ፍሬኑን ለቆ አየሩ እንዲያቀዘቅዘውና እንዲያዘገየው መተው፤ ኩርባው ሲቃረብ፣ ብስክሌቱ ገና ሳያዘነብል፣ ሁለቱንም ፍሬን አጥብቆ ለአጭር ጊዜ መያዝ፤ ወደ ኩርባው ሲገቡ መልቀቅ። አብዛኛውን የሚያቆመው የፊቱ ነው፤ ስንይዝ ክብደታችን ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላው ጎማ ይቀልና በቀላሉ ይንሸራተታል። እጅ መሪው ታችኛው ክፍል ላይ፣ የውጪው እግር ወደ ታች ተረግጦ፣ ዓይን ኩርባው የሚያልቅበት ላይ። ጎማ 28 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለ70 ኪሎ ሰው 5 ባር ገደማ ይበቃል፤ 8 ባር መንፋት የድሮ ልማድ ነው፤ ሻካራ መንገድ ላይ ጎማው እየዘለለ መያዣ ያጣል።

ብርድም አለ። በየ1,000 ሜትር 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ቤዱዋን 30 ዲግሪ ከሆነ የቫንቱ ጫፍ 20 ዲግሪ ይሆናል፤ በላብ የረጠበ ሰው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ጣቱ ደንዝዞ ፍሬን መያዝ ያቅተዋል። በኪስ የሚታጠፍ የንፋስ ጃኬትና ቀጭን ሙሉ ጓንት 200 ግራም ቢመዝኑ ነው። ጃኬቱ የሚለበሰው ጫፍ ላይ ነው፤ ቁልቁለት መሃል ሲበርድ ዘግይቷል።

«በዲ መንገዶች ብቻ ይሂዱ፤ በኤን መንገዶች ብስክሌት ክልክል ነው»

ግማሽ እውነት ነው። በመንገድ ቁጥር ላይ ዲ የአውራጃ፣ ኤን የብሔራዊ መንገድ ምልክት ነው። ክልክል የሆኑት ኤ የተጻፈባቸው አውቶሩቶች (የፈጣን መኪና መንገዶች)ና፣ በሰማያዊ አራት ማዕዘን ላይ ነጭ መኪና የተሳለበት ሰሌዳ የቆመባቸው መንገዶች ናቸው። ያ ሰሌዳ ዲ መንገድ ላይም ሊቆም ይችላል። ኤን ተፈቅዷል፤ ከባድ መኪና ስለሚበዛበት ግን አይወደድም። ከለ ቡር ድዋዛን ወደ ላ ግራቭ የሚወስደው ዲ 1091 ዋሻዎች ስላሉት የፊትና የኋላ መብራት በጠራራ ፀሐይም ያስፈልጋል።

መመሪያው ያላነሳቸው ሕጎች፦ በጆሮ ማዳመጫ መንዳት ክልክል ነው፤ ቅጣቱ 135 ዩሮ ነው። ደወል ግዴታ ነው። ከከተማ ውጪ በጨለማ ወይም በጉም አንጸባራቂ ሰደርያ ግዴታ ነው። በመንደሮች ውስጥ ምልክት በሌለው መጋጠሚያ ከቀኝ የሚመጣው ቅድሚያ አለው፤ ከአንዲት ጠባብ ጎዳና መኪና ሳያይ ብቅ ቢል ሕጉ ከእሱ ጋር ነው።

«በየመንደሩ ካፌ ስላለ አንድ ኮዳ ውሃና አሥር ዩሮ ይበቃል»

ካፌው አለ፤ የተዘጋ ነው። በገጠር ሱቆች ከ12:00 ወይም 12:30 እስከ 14:00 ወይም 15:00 ይዘጋሉ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚከፍት ጥቂት ነው፤ ዳቦ ቤቶችም ብዙ ጊዜ ሰኞ ያርፋሉ። 750 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ሁለት ኮዳዎች ያስፈልጋሉ። የመንደር ምንጭ ላይ «ኦ ፖታብል» ከተጻፈ ይጠጣል፤ «ኦ ኖን ፖታብል» ከሆነ አይጠጣም። ምንጭ ከጠፋ ወደ መካነ መቃብር መሄድ ነው፤ አበባ ለማጠጣት ቧንቧ አያጣም፤ አይጠጣም የሚል ጽሑፍ አለመኖሩን ማየት ነው። ጋሊቢዬን ለሚወጣ ቫሎዋር ላይ ኮዳዎቹን ሳይሞሉ ማለፍ ስህተት ነው።

ምግብ በሰዓት 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይሁን፣ ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ጀምሮ። መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም፣ ትልቅ ቴምር 16 ግራም፣ 330 ሚሊ ሊትር ኮላ 35 ግራም ገደማ አለው። የፍልሰታ ጾም ከኦገስት 7 ጀምሮ፣ ልክ በወቅቱ መሃል ስለሚውል፣ እስከ ቀትር በኋላ የማይቀምስ ሰው ረጃጅሞቹን ዳገቶች ከዚያ በፊት ያድርጋቸው። ቴምሩ ራሱ የጾም ነው፤ ችግሩ ሰዓቱ ነው።

«አዲስ አበባ ያደገ ሰው ለእነዚህ ከፍታዎች ደንታ የለውም»

አዲስ አበባ ከፒሬኔው በር ከቱርማሌም (2,115 ሜትር) ከቫንቱም ከፍ ትላለች፤ ይህ ልክ ነው። ነገር ግን እነዚህ ተራሮች ሰውን የሚጥሉት አየር በማሳጣት ሳይሆን በአንድ ቀን 2,000 ሜትር በማስወጣት ነው። ደግሞም መመሪያውን የሚያነበው ብዙው ሰው ፍራንክፈርት ወይም ዱባይ ዓመታት የኖረ ነው። ሰውነት ለከፍታ ያዘጋጀውን ደም ዝቅ ብሎ ሲኖር በሳምንታት ውስጥ ይመልሳል። ፀጋቡ ግርማይ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል፤ መመሪያው እሱን ማስረጃ አድርጎ መጥቀሱ ግን አይሠራም፤ ያ ሰው ሙሉ ሕይወቱን ኮርቻ ላይ ያሳለፈ ሙያተኛ ነው።

«በሰባት ቀን ሰባት ተራራ»

ከለ ቡር ድዋዛን እስከ ቱርማሌ ግርጌ ሉዝ ሳን ሶቨር በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ቢያንስ አንድ ቀን መኪና ውስጥ ያባክናል፤ ዕረፍትም የለውም። አንድ ሳምንት ያለው ሰው ለ ቡር ድዋዛን ላይ ይቀመጥ፤ ከግሬኖብል 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሸለቆው ውስጥ 40 ኪሎ ሜትር ለእግርና ለማርሽ መፈተሻ። ሁለተኛው አልፕ ድዌዝ። ሦስተኛው ዕረፍት። አራተኛው ጋሊቢዬ፣ ግን ከደቡብ፦ እስከ ሎታሬ በዝግታ ከወጡ በኋላ 8.5 ኪሎ ሜትር ብቻ ይቀራል፤ ደርሶ መልሱ ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሎታሬ ላይ ሲደርሱ ከጋሊቢዬ በኩል ጥቁር ደመና ከታየ ወይም ሰዓቱ 13:00 ካለፈ ከዚያው መመለስ ነው፤ በበጋ ነጎድጓዱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። አምስተኛው ዕረፍት፣ ስድስተኛው ክሯ ደ ፌር። ሰባተኛው ቀን ዝናብ ላዘገየው ነገር ይጠባበቅ።